የጃኔል ቮት ስምንት ደቂቃ

ሰው የሚናገረው ለመደመጥ ነው ብለው የሚያምኑ የዋሆች በየዘመኑ አይጠፉም። እነዚህን ወገኖች ወደ ቀናው መንገድ ይመልስልን እንደሆነ ብለን፣ በካንሳስ ሜዳ ላይ፣ የእህል ጎተራዋ ከቤተ ክርስቲያኗ በሚረዝም በአንዲት ትንሽ ከተማ የተፈጸመውን ታላቅ ገድል በሙሉ አክብሮት እናቀርባለን። የከተማዋን ስም አንጠራም። ብንጠራውም የሚያውቁት ዘጠኝ መቶ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ታሪኩን ከኛ አስበልጠው አሳምረውታል።

ዘመኑ ሶቭየት ኅብረት ገና ያልፈረሰችበት ነበር። በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የክርክር ክበብ ነበር። የሚከራከረውም እንደ ተራ ሰው በአጥርና በድንበር ሳይሆን በመንግሥት ፖሊሲ ላይ ነው። ሁለት ልጆች ተነሥተው «መንግሥት ይህን ያድርግ» ይላሉ። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት ልጆች ደግሞ «ይህንማ ካደረገ አለቀልን» ይላሉ። አንድ ዳኛ ተቀምጦ ይሰማና አሸናፊውን በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። በዚህ ክቡር ሙያ የከተማዋ ክበብ ማንም የማይደርስበት ክብረ ወሰን ነበረው፤ አርባ አንድ ዙር በተከታታይ ተሸንፏል።

የትምህርት ቤቱ ቦርድ ይህን ታላቅ ጽናት ካደነቀ በኋላ፣ ክበቡ እስከ ኅዳር መጨረሻ አንድ ዙር እንኳ ካላሸነፈ እንዲዘጋ፣ ክፍሉም ለትግል ስፖርት ቡድኑ የፍራሽ ማስቀመጫ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ፍራሾቹ በዚያው ዓመት ሦስት ውድድር እንዳሸነፉ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።

ይህ ውሳኔ በከተማዋ ማንንም እንቅልፍ አልነሣም፤ ከአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በቀር። ጃኔል ቮት ትባላለች። ወደ ክበቡ የገባችው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ስለሆነ ሙያውን ገና አታውቀውም። ለምን እንደገባች ለመረዳት ግን አንድ ምሽት እነቮት ቤት እራት መብላት ይበቃል።

ጃኔል አራት ወንድሞች አሏት፤ እሷ የሁሉም ታናሽ ናት።

«ዛሬ ትምህርት ቤት አንድ—» ትላለች።

«ድንቹን ወዲህ በይው እስኪ!» ይላል ትልቁ ወንድሟ።

«—አንድ ነገር ሆነ፤ መምህራችን—»

«መምህር ካነሣሽ አይቀር» ይላል አባቷ ቨርሊን ሹካውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «እኔ በስድሳ ሦስት አንድ መምህር ነበረኝ...»

አባትየው ከስድሳ ሦስት እስኪመለስ ድንቹ ያልቃል፣ ሳህኑ ይነሣል፣ ጃኔል የጀመረችው ነገር ምን እንደነበር ራሷም ትረሳዋለች። እናቷ በዚህ ጉዳይ የምትረዳት አልነበረችም። እናትየዋ በሠርጓ ማግሥት የጀመረችው አንድ ዓረፍተ ነገር እስካሁን አላለቀም ይባላል።

እንግዲህ ይህች ልጅ ናት አንድ ቀን የክርክር ክበቡ በር ላይ የተለጠፈውን ደንብ ያነበበችው። ደንቡ «እያንዳንዱ ተናጋሪ ስምንት ደቂቃ አለው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንም ሊያቋርጠው አይፈቀድም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በሩን አንኳኳች።

«ቲቸር፣ ይሄ እውነት ነው?»

«ምኑ?» አሉ የክበቡ አሠልጣኝ ወይዘሮ ፔነር።

«ስምንት ደቂቃ። ማንም አያቋርጥም?»

«ማንም።»

«ወንድም ቢሆንስ?»

«የማንም ወንድም ቢሆን።»

ጃኔል በዚያው ቀን ተመዘገበች። ስለ መንግሥት ፖሊሲ የነበራት እውቀት ባዶ ነበር። ስምንት ደቂቃዋን ግን ወደደቻት፤ ክበቡ ሊዘጋ ነው ሲባልም ከአንጀቷ አንድ ነገር የሚወሰድባት መሰላት።

ወይዘሮ ፔነር የክርክርን ጥበብ ሃያ ዓመት ያስተማሩ፣ ከሃያው ዓመት ውስጥ አሸንፎ የሚያውቅ ተማሪ ያልገጠማቸው፣ ስለዚህም ትምህርታቸው በድል ያልተበረዘ ሴት ናቸው። ጃኔልንም ከሥር ከመሠረቱ አስያዟት። የመጀመሪያው ነገር ፍጥነት ነው። ብዙ የተናገረ ሰው ብዙው ነገሩ መልስ ሳያገኝ ይቀራል፣ ያልተመለሰ ነገር ደግሞ በክርክር ሕግ እንደ እውነት ይቆጠራል። ስለዚህ ባላጋራ ሊመልሰው ከሚችለው በላይ መናገር ነው። አፍ እንዲፈታ እርሳስ በጥርስ ተነክሶ ጮክ ብሎ ይነበባል። ይህ በሀገሩ ሁሉ የሚሠራበት ልማድ ነው፤ ወይዘሮ ፔነር የፈጠሩት አይደለም።

«ቲቸር፣ እንዲህ ከፈጠንኩ ማን ይሰማኛል?» አለች ጃኔል እርሳሱን አውጥታ።

«መስማት የአድማጩ ሥራ ነው። አንቺ የራስሽን ሥራ ሥሪ። እርሳሱን መልሺው።»

ሁለተኛው ነገር ማስረጃ ነው። የዚያ ዓመት የክርክር ርእስ የገጠር ውሃ ነበርና፣ ጃኔል እቤቷ ቁጭ ብላ በራሷ እጅ አንድ መስመር ጽፋ አመጣች፤ «የከተማችን ውሃ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል» የሚል።

«ይሄን ማን ነው ያለው?» አሉ ወይዘሮ ፔነር።

«እኔ።»

«አንቺ ማስረጃ አይደለሽም።»

«ግን ቲቸር፣ እርስዎም እኮ ይጠጡታል።»

«እኔም ማስረጃ አይደለሁም» አሉ ወይዘሮ ፔነር በትሕትና፣ መስመሯንም በቀይ ሰረዟት።

ሦስተኛውን ጃኔል ራሷ ደረሰችበት። ካርቶን ሙሉ ማስረጃ ሲሰጣት ገልጣ ብታነብ፣ የሁሉም ነገር መጨረሻ አንድ ሆኖ አገኘችው። ግብር ቢጨመር የኒውክሌር ጦርነት ይነሣል። ግብር ቢቀነስም ይነሣል። ዓሣ ማጥመድ ቢከለከል፣ ባቡር ቢዘገይ፣ የስንዴ ዋጋ ቢወርድ የሰው ዘር ይጠፋል። ጃኔል ይህን ካነበበች በኋላ ስንዴ የጫነ መኪና ባየች ቁጥር ለጥቂት ቀናት ደንገጥ ትል ነበር።

የኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ፤ ውድድሩ በጎረቤት ከተማ ነበር። ጃኔልና ጓደኛዋ ኬንት ሽራግ፣ ይኸውም ከርሷ የባሰ ዓይን አፋር የሆነው ልጅ፣ የማስረጃውን ካርቶን ለሁለት ተሸክመው ከአውቶቡስ ወረዱ። የካንሳስ ነፋስ ደግሞ ማስረጃ ይሁን ገለባ አይለይም። ክዳኑን ገንጥሎ ወረቀቱን በሙሉ ወደ ደቡብ ነዳው። ኬንት የመጀመሪያውን ንግግር ኮቱ ደረት ኪስ ውስጥ ከትቶ ስለነበር ያ ንግግር ብቻ ተረፈ። የቀረው የዓለም ፍጻሜ ሁሉ በሰዓት አርባ ማይል ወደ ኦክላሆማ ሄደ።

«አሁን ምን ልናደርግ ነው?» አለ ኬንት።

«አንተ ያለህን ታነባለህ።»

«አንቺስ?»

«ስምንት ደቂቃ አለኝ አይደል?» አለች። ድምጿ ግን እንዳሰበችው አልወጣላትም፤ አርባ ሁለተኛው ሽንፈት የፍራሽ ቤት መሆኑን ታውቃለች።

በዚያ ቀን ዳኛ ጎድሎ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ልማዱ ከኮሪደሩ ያገኙትን ትልቅ ሰው ይዞ ማስቀመጥ ነው። የጃኔልን ዙር እንዲዳኙ የተያዙት አቶ ሃርላን ዲርክስ፣ ሚስታቸው ለምሳ ቺሊ ከሚሉት የሥጋና የባቄላ ወጥ ጋር የሚሸጠውን የቀረፋ ዳቦ ሲያመጡ ትሪ ተሸክመው የገቡ ሽማግሌ ናቸው። የጃኔል ከተማ ሰው ናቸው። እህል ጎተራው ሚዛን ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የጎተራው ጩኸት ጆሯቸውን ስለጎዳው መስሚያ መሣሪያ አድርገዋል።

«ከዚህ በፊት ዳኝተው ያውቃሉ?» አለቻቸው ወረቀት የምታድለዋ ሴት።

«ስንዴ።»

«ያው ነው» አለችና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው።

ተቃራኒዎቹ ከትልቁ ከተማ የመጡ፣ ክራቫት ያሰሩ ሁለት ልጆች ነበሩ። አራት ካርቶን በጋሪ እየገፉ ገቡ። ኬንት ተነሥቶ፣ መንግሥት ለትናንሽ ከተሞች ንጹሕ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍር ብሎ አነበበና ተቀመጠ። ቀጥሎ ከሁለቱ ልጆች ትሬቨር የሚባለው ተነሣ። አየር ሳበ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቃል መግለጽ ይከብዳል፤ በቆሎ ፈልፋይ ማሽን አጠገብ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ግን ይረዳናል። አቶ ዲርክስ መጀመሪያ መስሚያቸውን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ አውጥተው ባትሪውን ቀየሩ። ጥቂት ቆይተው አዲሱን ባትሪ አውጥተው አሮጌውን መለሱ። ትሬቨር በስምንት ደቂቃ አሥራ አንድ መከራከሪያ ጨርሶ፣ ግንባሩን ጠርጎ፣ ሊጠየቅ ቆመ። ሕጉ ለባላጋራ ሦስት ደቂቃ መጠየቂያ ይሰጣል።

«ወጥመድ ያለበት ጥያቄ ጠይቂው» አለ ኬንት በሹክሹክታ።

ጃኔል ወጥመድ አታውቅም። ያላወቀችው ሌላም ነገር ነበር፤ በክርክር ዓለም ተጠይቆ የማያውቀውን ብቸኛውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁህም። ምን ነበር ያልከው?»

ትሬቨር ወደ ጓደኛው ዞር አለ። «ሁሉንም?»

«የመጀመሪያውን ብቻ። ቀስ ብለህ።»

«ቀስ ብዬ?» አለ፤ እንደዚህ ያለ ነገር ማንም አዞት አያውቅም። «እሺ። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በጀት ይወጣል።»

«እሺ።»

«በጀት ከወጣ ምክር ቤቱ ይናደዳል።»

«በጉድጓድ?»

«በ... አዎ፣ በጉድጓድ። ምክር ቤቱ ከተናደደ ፕሬዚዳንቱ ተሰሚነት ያጣል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ተሰሚነት ካጣ ከሶቭየቶች ጋር ያለው ስምምነት አይጸድቅም።»

«ካልጸደቀስ?»

ትሬቨር ወረቀቱን አየ። ጣሪያውን አየ። «የኒውክሌር ጦርነት» አለ ቀስ ብሎ።

«በኛ ጉድጓድ?»

«በእናንተ ጉድጓድ።»

«መቼ ነው የሚነሣው?»

«ምኑ?»

«ጦርነቱ። ሲቆፈር ነው ወይስ ፓምፑ ከገባ በኋላ? ፓምፕ የሚገጥመው አጎቴ ስለሆነ እንድነግረው ነው።»

እየቀለደች አልነበረም፤ ነገሩ አሳስቧታል። ትሬቨር ግን ይህን መከራከሪያ በዚያ ዓመት ስድሳ ጊዜ ተናግሮት፣ አንድ ቀን እንኳ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነከሰ። ጓደኛው አፉን በክራቫቱ ያዘ። አቶ ዲርክስ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጻፉ።

«እኔ እንጃ» አለ ትሬቨር በመጨረሻ፤ ሲበዛ ጨዋ ልጅ ነበር። «አሠልጣኛችን ነው የጻፈው።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ተራዋ ሲደርስ ጃኔል ባዶ እጇን ቆመችና የተሰረዘባትን መስመር ተናገረች። የከተማችን ውሃ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል አለች። ነጭ ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ከታጠበ ቢጫ ይሆናል አለች። ጉድጓድ ቢቆፈር እንደማይሸት፣ ጦርነት ግን በጉድጓድ ምክንያት ይነሣል ብሎ ማመን እንደቸገራት ጨመረች። ይህን ሁሉ ተናግራ ሰዓቱን ብታይ ገና ሦስት ደቂቃ ነው። መቀመጥ ትችል ነበር። ግን አምስቱ ደቂቃ የሷ ነው፤ ማንም አይወስድባትም። ስለዚህ ዝም ብላ ቆመች። ደስ እያላት፣ እጇን አጣምራ፣ በመስኮቱ ነፋሱን እያየች አምስት ደቂቃ ሙሉ ቆመች። ተቃራኒዎቹ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁ። ያልተመለሰ ነገር እውነት ነውና ዝምታውን ምን ብለው እንደሚመልሱት ተጨንቀው ሲንሾካሾኩ ታዩ።

አቶ ዲርክስ የሰጡት የዳኝነት ወረቀት እስካሁን አለ። እንዲህ ይላል፦ «ልጅቷ ያለችውን ሰማሁ። ሌሎቹ ሲናገሩ ሁለት ጊዜ ባትሪ ቀየርኩ። ሚዛን ላይ ያልወጣ እህል አልመዝንም። አሸናፊ፦ ልጅቷ።»

የድሉ ዜና ከአውቶቡሱ ቀድሞ ከተማ ገባ። በምግብ ቤቱ መስኮት ላይ «ጃኔል፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ተጻፈ፤ ለትግል ቡድኑ ከተጻፈው የቀረውን ቀለም ነው የተጠቀሙት። ቨርሊን ቮት በየሱቁ እየገባ «ልጄ ናት» ይል ጀመር። እንዴት እንዳሸነፈች የጠየቀው ሲገኝ በስድሳ ሦስት ስለነበረው መምህር ያወራል።

እንዲህ ያለ ድል ደግሞ ሳይጠና አይታለፍም። ወይዘሮ ፔነር የሚመሩት አንድ ኮሚቴ ተቋቁሞ የድሉን መንሥኤ መረመረ፤ ዘጠኝ ገጽ ጽፎም ልጅቷ ያሸነፈችው በእርሳሱ ልምምድ ምክንያት መሆኑን ከጥርጣሬ በላይ አረጋገጠ። የዳኛው ወረቀት እንደ ማስረጃ አልተቆጠረም፤ ዳኛው የተናገሩት የግል አስተያየታቸውን ነው ተባለ። በማጠቃለያው እርሳሱ ወፍራም እንዲሆን ተወሰነ።

ቦርዱ በበኩሉ ቃሉን አልበላም። ክበቡ አንድ ዙር ስላሸነፈ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ፣ ከመታየቱ በፊትም አሸናፊዋ ራሷ ቀርባ ክበቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ለስምንት ደቂቃ እንድታስረዳ ጥሪ አደረገ። ጃኔል ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ቦርዱ ይኖራል፣ ከተማው ይኖራል፣ አባቷና አራቱ ወንድሞቿ ይኖራሉ፤ አንዳቸውም አፋቸውን መክፈት አይፈቀድላቸውም። እቤቷ ሄዳ ጻፈች። የጻፈችው ሦስት መስመር ነው፦ «እቤታችን ማንም ንግግሬን አያስጨርሰኝም። እዚህ ክበብ ውስጥ ስምንት ደቂቃ አለችኝ። እባካችሁ አትውሰዱብኝ።»

ወይዘሮ ፔነር አነበቡት። ዓይናቸው እርጥብ ብሎ ነበር የሚሉ አሉ። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ።

«ይሄን ማን ነው ያለው?»

«እኔ፣ ቲቸር።»

«ጃኔል፣ አንቺ አሁን ጀማሪ አይደለሽም። አሸናፊ ነሽ። አሸናፊ እንዲህ አይናገርም።»

ጃኔል ልትከራከራቸው ትችል ነበር፤ የገባችው ለዚያ ነውና። ግን ድል መጥፎ አስተማሪ ነው። ምግብ ቤቱ መስኮት ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው እርሳሱ ሳይረዳው አልቀረም ብሎ ማመን ይጀምራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች፤ ጃኔል ግን ገና ሳትማር ተጠምጥሞላታል። ሦስቱን መስመር አጥፋ ኪሷ ከተተች። ለሁለት ሳምንት ወፍራሙን እርሳስ ነክሳ ሌላ ንግግር አጠናች።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ተደረገ። ቮቶች ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። አቶ ዲርክስ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ ስለ ወጣቱ ትውልድ፣ ስለ ነገው ተስፋና ስለ መኪና ማቆሚያው ሥርዓት ሰፊ ንግግር አድርገው ሲያበቁ ጃኔል ተነሣች።

አየር ሳበች።

ስለ ንግግሯ ማለት የምንችለው፣ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ዓለም አሥራ አንድ ጊዜ መጥፋቷን ነው። ክበቡ ቢዘጋ ልጆች መናገር ይረሳሉ፣ መናገር ቢረሱ ዲፕሎማት ይጠፋል፣ ዲፕሎማት ቢጠፋ ሞስኮ ትቆጣለች፤ የቀረውን የያዘ ሰው የለም። አንዲት አሮጊት በመሐል «ጌታ ሆይ» ሲሉ ተሰምተዋል። ጃኔል ልክ በስምንት ደቂቃ አበቃች፣ ግንባሯን ጠረገች። እያንዳንዱ ሰው ያልገባው እሱ ብቻ መስሎት የጎረቤቱን ፊት አየ። ጎረቤቱ ደግሞ የገባው ለመምሰል ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ።

«ተቃውሞ ያለው አለ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ማን ይቃወማል? ምኑን? ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ «ክበቡ ቢዘጋ የኒውክሌር ጦርነት እንደሚነሣ ቦርዱ ያለ ተቃውሞ ተረድቷል። ክበቡ እንዲቀጥል ተወስኗል።» የትግል አሠልጣኙ ወዲያው እጃቸውን አውጥተው፣ ፍራሾቹ ደጅ ቢያድሩም ያው ጦርነት መሆኑን አስታወሱ። ለፍራሾቹም አዲስ ቤት ተፈቀደ። በዚያን ቀን የዓለም ሰላም ሁለት ጊዜ ዳነ።

ቮቶች ወደ መኪናቸው ሲሄዱ አቶ ዲርክስ ደረሱባቸው። ነፋሱ ኮፍያቸውን እንዳይወስደው በአንድ እጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም» አሉ። «ምን ነበር ያልሽው? ቀስ ብለሽ።»

ጃኔል አፏን ከፈተች። ምንም አልነበረም። አሥራ አንዱን ሁሉ ፈለገች፤ አንዱም የሷ አልነበረምና አንዱም አልመጣላትም። ትሬቨር ጣሪያውን ያየው ለምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት፤ እፍረቱም ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት።

«ያለችው ምንድን ነው መሰለዎት—» ብሎ አባቷ ገባ።

«ሞስኮን ነው ያነሣችው» አለ ትልቁ ወንድሟ።

«ሞስኮ አይደለም፣ ልጆች መናገር ሲረሱ—» አለ ሌላው።

አቶ ዲርክስ እጃቸውን አነሡ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከባድ መኪና ያስቆሙበት እጅ ነው፤ ቮቶችም ቆሙ። ሽማግሌው የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ።

«ስምንት ደቂቃ» አሉ። «የሷ። ቀጥዪ ልጄ።»

ጃኔል እጇን ኪሷ ከትታ የታጠፈችውን ወረቀት አወጣች። በቀይ የተሰረዘ ቢሆንም ይነበባል። ቀስ ብላ ጀመረች።

«እቤታችን ማንም ንግግሬን—»

«ቆይ ቆይ፣ ይሄን ማን ነው ያለው?» አለ ቨርሊን፤ ከውድድሩ ወዲህ የክርክር ሕግ ብዙ ተምሮ ነበር። «ማስረጃ አለሽ?»

«መቼ ነው እኛ ያቋረጥንሽ?» አለ አንዱ ወንድሟ።

«እኔ እንኳ በሕይወቴ—» አለ ሁለተኛው።

«አንተማ ዝም በል፣ አንተ ነህ ሁልጊዜ—» አለ ሦስተኛው።

«ልጅቷን አስጨርሷት እንጂ!» ብሎ ትልቁ ከሁሉም በላይ ጮኸ፤ ካለም በኋላ እሱ ራሱ ቀጠለ።

አቶ ዲርክስ ሰዓታቸውን አዩ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ሆኖታል። ሰዓቱን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ ከዚያው ኪስ የቀረፋ ዳቦ የተጠቀለለበት ወረቀት አወጡ፣ የመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፈው ጻፉበትና ለጃኔል ሰጧት። ጃኔል አነበበችው። ከውድድሩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ወረቀቱ ሁለት መስመር ነው፦

«አሸናፊ፦ ልጅቷ።

ምክንያት፦ ማስረጃዋን ተቃራኒው ወገን ራሱ አቀረበላት።»

«አሸነፈች!» አለ ቨርሊን የመጀመሪያውን መስመር ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ አይቶ፣ ወረቀቱንም ከእጇ ወሰደ።

ያ ወረቀት ዛሬ እነቮት ቤት ፍሪጅ ላይ፣ በበቆሎ ቅርጽ በተሠራ ማግኔት ተለጥፎ ይገኛል። ማግኔቱ ሁለተኛውን መስመር ይሸፍነዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቨርሊን ፍሪጁ አጠገብ ቆሞ ልጁ በፍጥነቷ እንዴት እንዳሸነፈች፣ ሽማግሌው ዳኛ በንግግሯ ተመስጦ በዳቦ መጠቅለያ ላይ እንኳ ሳይቀር እንዴት እንደፈረደላት ያስረዳል። ጃኔል ልታርመው ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር።